አንሺና ተነሺ

እንግሊዝኛ ተናጋሪው ፎቶ «ይወስዳል»፤ ሲያሻው ደግሞ «ይተኩሳል»። እኛ እናነሳለን። ክፍል ገብቶ ማስተማር ካቆምኩ ዓመታት ቢቆጠሩም ቃል የማገላበጥ አመሌ አልለቀቀኝምና «ማንሳት» በምትባለው ቃል ላይ ብዙ ጊዜ ቆሜ አስቤያለሁ። በአማርኛ የማይነሳ ነገር የለም። ሸክም ይነሳል። ማዕድ ይነሳል። ሬሳ ይነሳል። ጥያቄ ይነሳል። የሄደ ሰው ስሙ በደግም በክፉም ይነሳል። ነገርንም ነገር ያነሳዋል። መንገድ ሲሰፋ፣ ግድብ ሲገደብ፣ ፓርክ ሲከለል ደግሞ ሰው ይነሳል፤ በመዝገብም ላይ «ተነሺ» ተብሎ ይሰፍራል። ፎቶ የሚነሳው ተነሺ ነው፤ ከቀዬው የሚነሳውም ተነሺ ነው።

ሁለቱ አንድ ቃል መጋራታቸው የቋንቋ አጋጣሚ ነው ብዬ ባልፈው ደስ ባለኝ። ታሪኩን ሲያገላብጡት ግን ሁለቱ ማንሳቶች ተከታትለው የመጡበት ጊዜ አንድና ሁለት ብቻ አይደለም። የዛሬው ወጌ በዚሁ ላይ ነው።

መቼም ስልክ የያዘ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ገና ከእንቅልፉ ሳይነቃ አንዱ ወዳጁ ገደል አፋፍ ላይ የቆመ ዋልያ ይልክለታል። ሌላው ጎፈሩን ነፋስ የሚያበጥርለት ጭላዳ፣ ሦስተኛው ከቅጠል ጫፍ የተንጠለጠለች ጠል ከነምርቃቷ። «ለአሥር ሰው አጋራ» የሚል ትእዛዝ የሚጨምሩም አሉ። እኔ እንደ አንዳንድ እኩዮቼ በዚህ አላፌዝም። ውብ ነገር ያየ ሰው «እዩልኝ» ማለቱ ያለና የነበረ ነው። የተፈጥሮ ፎቶ ግን «እዩልኝ» ብቻ ሆኖ አያውቅም። ሕግ አስወጥቷል፣ መሬት አስከልሏል፣ ገንዘብ አሰባስቧል። ሰውም አስነስቷል። ከመነሻው ልጀምር፤ ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ያዙልኝ።

ካርልተን ዋትኪንስ የሚባል የሳን ፍራንሲስኮ ፎቶ አንሺ በ1861 ዮሰሚቲ ወደሚባለው የካሊፎርኒያ ሸለቆ ወጣ። ያኔ ፎቶ ማንሳት የሸክም ሥራ ነበር። ዋትኪንስ ርዝመቱ ከግማሽ ሜትር የሚበልጥ መስታወት የሚያስገባ ግዙፍ ካሜራ አሠርቶ፣ መስታወቱን፣ ኬሚካሉንና የጨለማ ድንኳኑን በበቅሎ አስጭኖ ነው የወጣው። መስታወቱ እዚያው ይቀባል፤ ሳይደርቅ ይነሳበታል፤ ሳይደርቅም ይታጠባል። አቧራ ከነካው ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው። ከዚያ ሁሉ ልፋት በኋላ 30 ያህል ትላልቅ ፎቶዎችና ብዙ ትናንሽ ይዞ ወረደ። በዓመቱ በ1862 ኒውዮርክ ውስጥ በአንድ የሥዕል መሸጫ አዳራሽ ተሰቀሉ። ያ ዘመን አሜሪካኖች እርስ በርስ የሚተላለቁበት ነው፤ ጋዜጣው ሁሉ የሞተና የቆሰለ ሰው ስም ዝርዝር ነበር። በዚያ መሀል የምሥራቁ ሰው አይቶት የማያውቀውን ሰማይ ጠቀስ ቋጥኝ፣ ከላይ የሚወረወረውን ፏፏቴ፣ የተኛውን ውሃ አየ። ፎቶዎቹ ዋሽንግተን ድረስ ዘለቁ። ጁን 30 ቀን 1864 ፕሬዚዳንት ሊንከን ሸለቆው ለሕዝብ ተጠብቆ እንዲኖር ለካሊፎርኒያ ግዛት የሚሰጠውን ሕግ ፈረመ። ፎቶው ብቻውን አስፈረመው ማለት ማጋነን ነው፤ ያለ ፎቶው ግን ዮሰሚቲ ለአብዛኛው ሰው ወሬ ብቻ ሆኖ በቀረ ነበር።

አሁን እነዚያን ፎቶዎች ልብ ብላችሁ እዩ። ሸለቆው ከተፈጠረ ጀምሮ የሰው ኮቴ ያልረገጠው ይመስላል። ዋትኪንስ ከመድረሱ ልክ አሥር ዓመት በፊት፣ በ1851፣ ማሪፖሳ ባታሊዮን የሚባል የታጠቀ ኃይል እዚያው ሸለቆ ገብቶ ነበር። የገባው አህዋህኒቺ የሚባሉትን ነባር ነዋሪዎች ለማባረር ነው። ጎጇቸውን አቃጠለ፤ ለክረምት ያከማቹትን ምግብም አብሮ አቃጠለ። ፎቶው ላይ ገነት የሚመስለው ጽዱ ሜዳ ራሱ የእነዚያ ሰዎች እጅ ሥራ ነው፤ ቁጥቋጦው እንዳይወርሰው በየጊዜው ሆን ብለው በእሳት ሲጠርጉት ኖረዋል። እየተመለሱ እዚያው የኖሩም ነበሩ። የመጨረሻዋ መንደራቸው ቤቶች የፈረሱት በፓርኩ አስተዳደር በ1969 ነው። ይቺን 1969 ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ዋትኪንስ ራሱ አልቀናውም። በ1870ዎቹ ኪሳራ ደርሶበት መስታወቶቹን አበዳሪ ወሰደበት። ከዚያ በኋላ ሌላ ነጋዴ ፎቶዎቹን በራሱ ስም እያተመ ይቸበችባቸው ጀመር። የሰው ፎቶ ወስዶ ስሙን ፍቆ ማጋራት የስልክ ዘመን ፈጠራ የሚመስለው ካለ ይኸው ይማርበት። እንደገና ደክሞ ያጠራቀመውን ደግሞ የ1906ቱ የሳን ፍራንሲስኮ የመሬት መንቀጥቀጥና እሳት በላው። በ1916 በአእምሮ ሕሙማን ማቆያ ውስጥ ሞተ።

የእሱን መንገድ የተከተለው ዊሊያም ሄንሪ ጃክሰን ነው። በ1871 ከመንግሥት የጥናት ቡድን ጋር የሎውስቶን ዘልቆ፣ ከምድር እየተስፈነጠረ የሚወጣውን ፍል ውሃ አንስቶ መጣ። ከዚያ በፊት የአዳኞች ተረት ነው ተብሎ የሚሳቅበት ነገር ነበር። ፎቶዎቹ ከሠዓሊው ከቶማስ ሞራን ሥራዎች ጋር ለምክር ቤት አባላት ታዩ። በዓመቱ፣ ማርች 1 ቀን 1872፣ የሎውስቶን ፓርክ በሕግ ተከለለ፤ በዓለም የመጀመሪያው ብሔራዊ ፓርክ ተብሎ የሚጠቀሰውም እሱ ነው። እዚያ ተራራ ላይ የዱር በግ እያደኑ የሚኖሩ የሾሾኒ ሰዎች ነበሩ። አሥር ዓመት እንኳ ሳይሞላ ተነሱ።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ተራራና ውሃ ነው። ተራራ አይሮጥም፤ ቆሞ ይነሳል። አውሬስ? የዱር እንስሳ ፎቶ ነገር ሲነሳ ጆርጅ ሺራስ የሚባለውን ሰው መዝለል አይቻልም። አባቱ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ፣ እሱም ጠበቃ፣ ኋላም ለአንድ ዘመን የምክር ቤት አባል የነበረ ሰው ነው። ከሁሉ በላይ ግን አዳኝ ነበር። ልጅ ሳለ በሚሺገን ሐይቆች ዙሪያ ከኦጂብዌ ሰዎች የሌሊት አደን ተምሯል። በታንኳ አፍንጫ ላይ እሳት ይነዳል፤ ከኋላው ያለው አዳኝ በጨለማ ይሰወራል፤ ውሃ ሊጠጣ የወረደው አጋዘን እሳቱን ሲያይ ደንዝዞ ይቆማል፤ ዓይኖቹ እንደ ፍም ያበራሉ። በሁለቱ ፍሞች መሀል መተኮስ ነው። ሺራስ በጎልማሳነቱ ጠመንጃውን አስቀመጠና በቦታው ካሜራ ተካ። በጥይት ፋንታ የማግኒዥየም ዱቄት ቦግ ይላል፤ አጋዘኑ ይደነግጣል፤ በሕይወቱም ይሄዳል።

ጁላይ 1906 ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት የሺራስን 74 ፎቶዎች በአንድ እትም አወጣ። ጽሑፉ ትንሽ፣ ፎቶው ብዙ። ከማኅበሩ የቦርድ አባላት ሁለቱ «ይህ የሳይንስ መጽሔት ነው ወይስ የሥዕል መጽሐፍ?» በሚል ቅሬታ ሥራቸውን ለቀቁ። አንባቢው ግን ወደደው፤ መጽሔቱም ያንን መንገድ ይዞ ቀረ። ዛሬ በየስልኩ የሚዞረው ፎቶ ሁሉ አያቱ ያ እትም ነው ብል ብዙም አልሳሳትም። ሺራስ በምክር ቤት ዘመኑ ተሰዳጅ ወፎች በፌዴራል ሕግ እንዲጠበቁ ረቂቅ ያቀረበ ሰውም ነው፤ ረቂቁ ያኔ ባይፀድቅም በ1913 ለወጣው ሕግ መንገድ ከፍቷል። በአማርኛ «አዳኝ» የሚለው ቃል ጠብቆ ሲነበብ አውሬ የሚያድን፣ ላልቶ ሲነበብ ከሞት የሚያድን ነው፤ ፊደሉ አንድ ነው። ሺራስ ሁለቱንም ነበር።

የሌሊቱን ጥበብ ያስተማሩት ኦጂብዌዎች ግን ዝና አላገኙም።

እኛ ዘንድ አውሬ የሚታየው በቆዳው፣ በጎፈሩ፣ በቀንዱና በፉከራው ነበር። ገዳይ ግዳዩን ይዞ አደባባይ ይወጣል እንጂ የአውሬውን መልክ ለሌላ ሰው አይልክም። አዲስ አበባ ውስጥ ቦያጂያን የሚባለው የአርመን ቤተሰብ ከሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ጀምሮ ፎቶ ሲያነሳ ኖሯል፤ የሚያነሳው ግን ንጉሡን፣ ንግሥቲቱን፣ መኳንንቱን ነው። አውሬን በወረቀት ላይ ዓለም እንዲያይልን የላክነው ምናልባት በፖስታ ቴምብር ነው። በ1919 በዘውዲቱ ዘመን በወጡት ቴምብሮች ላይ ቀጭኔ፣ ነብር፣ አውራሪስ፣ ሰጎን፣ ዝሆንና አንበሳ አሉ። ደብዳቤ ላይ ተለጥፎ ባሕር የሚሻገር አውራሪስ! ከዚያም በኋላ ለዘመናት በእጃችን በዞረው ባለ አምስት ብር ጀርባ ላይ አጋዘን ነበረ።

ከዚያ ዘመን አንድ ሰው ሳላነሳ ባልፍ ቅር ይለኛል። ሉዊስ አጋሲዝ ፉርተስ የሚባል አሜሪካዊ የወፍ ሠዓሊ በ1926 እና በ1927 ከቺካጎው ፊልድ ሙዚየም ጉዞ ጋር ኢትዮጵያን ዞሯል። ጉዞው ለሙዚየም የሚሆን እንስሳና ወፍ ገድሎ የሚሰበስብ ነበር። ፉርተስ ከሞተው ወፍ ፊት ተቀምጦ፣ የዓይኑና የመንቁሩ ቀለም ሳይጠፋ ቶሎ ቶሎ ይሥላል። ሥዕሎቹን ያየ ሰው ወፉ ሞቶ ነበር ብሎ አያምንም። ኦገስት 1927፣ አገሩ በተመለሰ በጥቂት ወራት፣ የባቡር ሐዲድ ሲያቋርጥ መኪናው ከባቡር ተጋጭቶ ሞተ። መኪናው ውስጥ የነበሩት የኢትዮጵያ ሥዕሎች ተረፉ፤ ሙዚየሙም በ1930 በአልበም አሳትሟቸዋል።

ወደ ጉዳያችን እንመለስ። በ1960 እንግሊዛዊው የሥነ ሕይወት ሊቅ ጁሊያን ሀክስሊ ምሥራቅ አፍሪካን ዞሮ ተመለሰና ኦብዘርቨር በሚባለው የለንደን ጋዜጣ ላይ ተከታታይ ጽሑፍ አወጣ። የአፍሪካ አራዊት በሃያ ዓመት ውስጥ ሊያልቁ ይችላሉ አለ። ጽሑፉ ለዓለም የዱር እንስሳት ፈንድ መመሥረት አንዱ ምክንያት ሆነ። ኦክቶበር 9 ቀን 1961 ደግሞ ዴይሊ ሚረር የተባለው የለንደን ጋዜጣ የፊት ገጹን ለአንድ የአውራሪስ ፎቶ ሰጠ። እናት አውራሪስ ከግልገሏ ጋር፤ ከላይ ትልቅ ርዕስ፦ አለቀላቸው። ታላላቅ ዲፕሎማቶች ለዓመታት ሲሰበስቡ ያልቻሉትን ያ ፎቶ በቀናት ውስጥ አመጣው፤ 60,000 ፓውንድ ያህል ገንዘብ በደብዳቤ ጎረፈ። የሠራተኛ መደብ ጋዜጣ ነው፤ ሳንቲሙን ቆጥሮ የላከው ዝሆንም አውራሪስም በዓይኑ ያላየ የለንደን ወዛደር ነው። በዚህ እኔ እደነቃለሁ። ፎቶው ላይ ግን የአፍሪካ ሰው የለም። ርዕሱ በሚያሰማው ፍርድ ውስጥ ካለ፣ ያለው እንደ ተከሳሽ ነው።

ያው ሀክስሊ በ1963 ከዩኔስኮ ልዑካን ጋር በአፄ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት ጥያቄ ወደ አገራችን መጣ። ልዑካኑ ያዩትን ጻፉ፤ ፓርክ ይከለል አሉ፤ ሌሎች ባለሙያዎችም ተከታትለው መጡ። በዓለም ላይ ከስሜን ተራሮች ሌላ አገር የሌለው ዋልያ ያኔ ከጥቂት መቶ እንደማይበልጥ ተገመተ። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በሕግ የተቋቋመው በ1969 ነው። ያዙልኝ ያልኳችሁ ዓመት ይቺ ናት። በዮሰሚቲ የመጨረሻዋ የነባሮቹ መንደር ስትፈርስ፣ በስሜን ደግሞ ሰው በሞላበት ተራራ ላይ የፓርክ ወሰን ይሰመር ነበር።

ሰው የሞላበት ነው ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ስሜን የገብስ አገር ነው። ወሰኑ ሲሰመር መንደሮቹ፣ ማሳዎቹ፣ ከብቱ፣ መስጊዱና ቤተ ክርስቲያኑ እዚያው ነበሩ። ከ1967 እስከ 1969 የፓርኩ ዋርደን የነበረው የዌልስ ተወላጅ ክላይቭ ኒኮል በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ከእንጨት ቆራጩ፣ ከአራሹ፣ ከሽፍታው ጋር ያደረገውን ትግል ይተርካል። ኒኮል ኋላ ጃፓን ኖሮ የታወቀ ጸሐፊ ሆኖ በ2020 ያረፈ፣ ቆራጥ ሰው ነው፤ መጽሐፉም ይነበባል። እኔ ግን ሳነበው እስክሪብቶው በአራሹ እጅ ቢሆን ኖሮ ምን ይጻፍ ነበር እያልኩ ነው።

በ1978 ዩኔስኮ የመጀመሪያዎቹን አሥራ ሁለት የዓለም ቅርሶች ሲመዘግብ ሁለቱ የእኛ ነበሩ፤ ላሊበላና ስሜን። የሎውስቶንም በዚያው ዝርዝር ውስጥ ነው። በዚያው ሰሞን፣ በደርግ ጊዜ፣ ከገደሉ በታች ባለው የፓርኩ ክፍል ይኖሩ የነበሩ ገበሬዎች በኃይል ተነስተዋል።

ለፓርኩ የሚገባውን ልስጥ። ዋልያ እስካሁን ያለው ፓርኩ ስላለ ነው። በጠብመንጃ ብዛትና በደን መመንጠር መሀል ያ ጥቂት መቶ ፍየል መሰል ፍጥረት ብቻውን ይተርፍ ነበር የሚል ካለ ከእኔ ጋር አንስማማም። ዋልያ ባይተርፍ ደግሞ ብሔራዊ ቡድናችን ምን ብለን እንጠራው ነበር?

ግጭ የምትባለው መንደር ከመነሳቷ በፊት ስሜን ወጥቼ ነበር። ከእኛ ጋር ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ ጎልማሳ ነበረ፤ ክንድ የሚያህል ሌንስ ያለው ካሜራ ይዟል። ጭላዳዎቹ ሣሩ ላይ ተቀምጠው ይነጫሉ። ከኋላቸው ጅብራው ቆሟል፤ ከጅብራው ኋላ ገደሉ። ካሜራው ተደቅኖ ሳለ አንድ እረኛ በጎቹን እየነዳ ብቅ አለ፤ አሥር ዓመት ቢሆነው ነው። ጎልማሳው እጁን እያወናጨፈ «አንተ ልጅ፣ እስቲ ዞር በልልን! ከነበጎችህ!» አለው። ልጁ ዞር አለ። ለምዶታል። ጭላዳዎቹ እንኳ ከቦታቸው ነቅነቅ አላሉም፤ እነሱም ልጁን ለምደውታል። አጠገቤ የነበሩትን አዛውንት ስካውት «አባቴ፣ ሁልጊዜ እንዲህ ነው?» አልኳቸው። «ኧረ መምህር፣ ይሄስ ደግ ነው፤ በአማርኛ ነው ዞር በል ያለው» ብለው ሳቁ። ቆየት ብለው ግን «ፎቶውን ያየ ሰው ዋልያውም ጭላዳውም ለብቻው የሚኖር ይመስለዋል። አብረን ነው እኮ ያደግነው» አሉኝ።

በዱር አራዊት ፎቶ ላይ ሰዎች ሲከራከሩ የማየው ስለ ሐሰተኛ ፎቶ ነው። ይህም ደግ ነው። በ2009 ለንደን በሚካሄደው ዝነኛ የዱር እንስሳት ፎቶ ውድድር አንደኛ የወጣው አጥር የሚዘል ተኩላ፣ ዳኞቹ ለማዳ ሳይሆን አይቀርም ብለው ስላመኑ በጃንዋሪ 2010 ሽልማቱ ተነጥቋል። በ2017 መጨረሻ ደግሞ አጥንቱ የወጣ የበረዶ ድብ እግሩን እየጎተተ ሲሄድ የሚያሳይ ፊልም ዓለምን አዳርሷል፤ 2.5 ቢሊዮን ሰው እንደደረሰ ተገምቷል። ከሥሩ የተጻፈው የአየር ንብረት ለውጥ መልኩ ይህ ነው የሚል ነበር። ድቡ ለምን እንደከሳ ግን ማንም በእርግጠኝነት ሊያውቅ አይችልም ነበርና በ2018 ናሽናል ጂኦግራፊክ ራሱ አባባሉ ከልክ ማለፉን አምኗል። እንዲህ ያለው ስህተት ተከራካሪ አያጣም፤ ይታረማል። የዚያ እረኛ ነገር ግን ማረሚያ የለውም። ጎልማሳው ያነሳው ፎቶ አንዲት ሐሰት የለባትም። ጭላዳው እውነት፣ ጅብራው እውነት፣ ገደሉ እውነት። ማንም ዳኛ ሽልማት አይነጥቀውም።

ፎቶ ፍሬም አለው፤ አንዱን ሳያስቀሩ ሌላውን ማንሳት አይቻልም ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው። ልብ ወለድም ሁሉን አይተርክም። ነገሩ የሚለወጠው አንድ ሺህ ፎቶ አንሺ አንድ ሺህ ጊዜ ያንኑ ልጅ ዞር በል ሲለው ነው። ያኔ በሩቅ አገር በስብሰባ ጠረጴዛ ዙሪያ የተቀመጠው ሰው የሚያውቀው ስሜን ልጁ የሌለበት ስሜን ይሆናል። ልጁ ሲመጣበት እንግዳ ደራሽ ይመስለዋል፤ ወራሪ ይመስለዋል።

ስሜን በ1996 በአደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ገባ። ከዚያ ለመውጣት ከተጠየቁት ነገሮች መሀል የወሰን ለውጥ፣ የልቅ ግጦሽ መቀነስ፣ በፓርኩ ውስጥ የሚኖረው ሰው ማነስ ነበሩ። በ2016 የግጭ ሰዎች ተነሱ። ከ400 በላይ አባወራ፣ በነፍስ ወከፍ ከ2,500 የማያንስ ሰው። ካሣ ተከፍሏቸው ደባርቅ ከተማ ዳር ሰፈሩ። በቀጣዩ ዓመት፣ በ2017፣ ስሜን ከአደጋው መዝገብ ወጣ፤ ዜናው በደስታ ተነገረ፤ ከዜናው ጋር የወጣው ፎቶ የትኛው እንደሆነ ልነግራችሁ አይገባም። ጊዮም ብላንክ የሚባል ፈረንሳዊ የታሪክ ሊቅ በ2020 ባሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ የግጭን ነገር አንስቶ አውሮፓን አነጋግሯል። በአውሮፓ ገበሬ በተራራው ላይ ሲኖር ቅርስ ነው ይባላል፣ በአፍሪካ ግን ጠላት ነው ይባላል የሚል ሙግት አለው። አንዳንድ ቦታ ያጋንናል፤ የእኛ መንግሥታት በፈቃዳቸው ያደረጉትን ሁሉ የፈረንጅ ጉዳይ አድርጎ ያየዋል። ክርክሩ ግን የሚናቅ አይደለም። የገብስ ገበሬ ከተማ ዳር ምን ያርሳል የሚለው ጥያቄ ደግሞ የፈረንሳይ ፕሮፌሰር አይፈልግም።

እዚህ ላይ ባቆም ከስሜን ውጪ ያለውን መበደል ይሆናል። ኖቬምበር 2024 ከባሌ ተራሮች አዲስ ፎቶ ወጣና አገር አዳረሰ፤ እኔ ጋ እንኳ ከአራት ሰው ነው የደረሰኝ። ቀይ ቀበሮ ነው። በዓለም ላይ ከ500 የማይበልጥ የቀረው፣ በባሌ የአይጥ አዳኝ የሆነው ያ ረጅም እግር ያለው እንስሳ፣ እንደ ችቦ ቀጥ ብሎ የቆመ ቀይና ቢጫ አበባ አቅፎ ማር ይልሳል። ሥጋ በል አውሬ አበባ ሲልስ! አፍንጫው በጽጌ ብናኝ ቢጫ ሆኗል። የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች ያጠኑት ነው፤ አንዳንዱ ቀበሮ በአንድ ዙር እስከ 30 አበባ እንደሚጎበኝ፣ ምናልባትም እንደ ንብ ጽጌ ብናኝ ከአበባ አበባ እንደሚያደርስ ጽፈዋል። ከማያቸው ፎቶዎች ሁሉ እንደዚህ ደስ ያለኝ የለም፤ እኔም አጋራሁት።

አንዷ የእህቴ ልጅ ሳጋራት «አጎቴ፣ ይሄን ግን መጀመሪያ ማን አየው?» ብላ ጻፈችልኝ። ጥሩ ጥያቄ ነውና ፈልጌ አነበብኩላት። ቀበሮዎቹን ለአሥርት ዓመታት ያጠኑት ፕሮፌሰር ክላውዲዮ ሲዬሮ ራሳቸው ተናግረውታል። አበባው ማር እንዳለው መጀመሪያ ያወቁት የባሌ እረኞች ልጆች ሲልሱት አይተው ነው። ቀምሰው ጣፋጭነቱን አረጋገጡ፤ ቀበሮዎቹ ያንኑ ሲያደርጉ ያዩት ከዚያ በኋላ ነው።

የባሌ ተራሮች በ2023 የዓለም ቅርስ ሆነዋል። በፓርኩ ውስጥ የሚሰፍረው ሰውና የሚግጠው ከብት ጉዳይ ምዝገባው ሲታይም ተነስቶ ነበር። ከደረሱኝ ፎቶዎች ሁሉ በአንዱም ላይ አበባ የሚልስ ልጅ የለም። ይህንኑ ለእህቴ ልጅ ጻፍኩላት። «እና ልጆቹን ማንም አላነሳቸውም?» አለችኝ። የትኛውን ማንሳት እንደሆነ መልሼ ጠየቅኳት።